በገንዘብ የሚገዛው የማጅራት ገትር ክትባት፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ለልጅ የሚያዋጣው የቱ ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ አካባቢ ወዳለ የግል ክሊኒክ ገብቶ «የማጅራት ገትር ክትባት አላችሁ?» ብሎ ለጠየቀ ወላጅ ብዙውን ጊዜ የሚመለስለት «አለ» ወይም «አልቋል» ነው። «የቱን?» የሚል ጥያቄ ከሁለቱም ወገን አይነሳም። ቁም ነገሩ ግን እዚያ ላይ ነው ያለው። በዚህ ስም የሚሸጠው ክትባት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የአንድ ዓመት ልጅን በደንብ ይከላከላል፤ ሌላው ለዚያው ልጅ ቢወጋ ገንዘቡም ለቅሶውም በከንቱ ነው።

ሳንዞር ፍርዳችንን እናስቀድም። ባለ አራት ዓይነቱ ኮንጁጌት (ከፕሮቲን ጋር የተጣመረ) ክትባት፣ ማለትም ኤ፣ ሲ፣ ደብሊውና ዋይ የተባሉትን የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ዓይነቶች የሚከላከለው፣ ጥሩ ክትባት ነው፤ አቅሙ ያለው ወላጅ ቢገዛው እንመክራለን። ሁለት ነገር ሲሟላ ብቻ ግን። አንደኛው፣ ልጁ በጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጡትን የጨረሰ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ ክትባቱ ከፋብሪካ እስከ ልጁ ጭን ድረስ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ የመጣ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ገንዘባችሁን ያዙ።

ከነፃዎቹ የምንጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ማጅራት ገትር የአንድ ተህዋስ ሥራ አይደለም። ሂብ የሚባለው ባክቴሪያ ያመጣዋል፣ ኒሞኮከስ ያመጣዋል፣ ሜኒንጎኮከስ ያመጣዋል፣ የሳንባ ነቀርሳም በሕፃናት አንጎል ሽፋን ላይ ወጥቶ ያመጣዋል። በገንዘብ የሚገዛው የሚከላከለው ሜኒንጎኮከስን ብቻ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ በነፃው መርሐ ግብር ውስጥ አሉ። ሲወለድ የሚሰጠው ቢሲጂ ሕፃኑን ከነቀርሳው ማጅራት ገትር ይጠብቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረችው ፔንታ ውስጥ የሂብ መከላከያ አለ። በ2011 የገባው ፒሲቪ ደግሞ ለኒሞኮከስ ነው። ፔንታና ፒሲቪ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ማለትም በአንድ ወር ተኩል፣ በሁለት ወር ተኩልና በሦስት ወር ተኩል፣ አብረው ይሰጣሉ። የሦስተኛው ዙር ቀን አልፎበት የቀረ ልጅ ካለ፣ ለግል ክሊኒክ ከመክፈላችሁ በፊት በነገታው ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ያለፈው ዙር ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይደገምም፤ «ቀኑ ስላለፈ ይቆጡኛል» ብላችሁ አትቅሩ። ፒሲቪው የጎደለ ልጅ ላይ ባለ አራቱን መጨመር፣ የፊት በርን ሳይቆልፉ ለጓሮው በር ቁልፍ እንደመግዛት ነው።

ታዲያ ለምን ይገዛል? አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 የተነሱት ወረርሽኞች በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሳምመዋል። ሜኒንጎኮከስ ፈጣን ነው። ሳይታከም ከቀረ ግማሽ ያህሉን ታማሚ ይገድላል። ቶሎ ታክሞ እንኳ ከአስር አንድ የሚሆነው በ24 እና በ48 ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ከተረፉት መካከል ደግሞ መስማት የሚያጡ፣ የሚጥል በሽታ የሚይዛቸውና ትምህርት የሚከብዳቸው አሉ። ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በሦስት ዙር ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉት በነፃ የተሰጠው ሜንአፍሪቫክ የኤ ዓይነትን ክፉኛ አዳክሞታል። ግን ያ ክትባት ኤን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆችም በዘመቻው አልነበሩም። በቀጠናው አገሮች ወረርሽኝ ሲያስነሱ የቆዩት ደግሞ ሲ፣ ደብሊውና ኤክስ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ በባለ አራቱ ውስጥ አሉ። ኤክስ የለም፤ ቢ የተባለው ዓይነትም የለም። ይህን የማይነግራችሁ ሻጭ «ከማጅራት ገትር ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል» ካላችሁ ስለሚሸጠው ነገር አያውቅም ማለት ነው።

አሁን ወደ ክትባቶቹ። ባለ አራቱ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ፖሊሳካራይድ ነው፤ የባክቴሪያው የስኳር ሽፋን ብቻውን። ለዓመታት ለሐጅና ለዑምራ ተጓዦች ሲሰጥ የኖረው ይህ ነው። ለአዋቂ ተጓዥ ይሠራል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን እምብዛም አይሠራም፤ ገና ያልበሰለው የመከላከያ ሥርዓት ስኳር ብቻውን ሲመጣበት ትዝታ አይዝም። ከፍ ላለ ልጅም ቢሆን የሚቆየው ከ3 እስከ 5 ዓመት ያህል ነው፤ ደጋግመው ሲወስዱት ደግሞ በተለይ ለሲ የሚሰጠው ምላሽ እየደከመ ይሄዳል። ዋጋው ቀለል ስለሚል ያጓጓል። ለልጅ አትግዙት።

ሁለተኛው ኮንጁጌት ነው። ያው ስኳር ከአንድ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ነው፤ ሰውነት ፕሮቲኑን አይቶ ይነቃል፣ ትዝታም ይይዛል። ከዚህም በላይ ባክቴሪያው በጉሮሮ ውስጥ የማደሩን ዕድል ሊቀንስ ስለሚችል የተከተበው ልጅ ለታናሹ የማስተላለፉ ዕድል ይቀንሳል። በሳጥኑ ላይ ሜናክትራ፣ ኒመንሪክስ፣ ሜንኳድፊ ወይም ሜንቪዮ የሚል ስም ካነበባችሁ ኮንጁጌት ነው። ሌላ ስም ከሆነ ወረቀቱን አስወጥታችሁ «ኮንጁጌት» የሚል ቃል እስክታገኙ አንብቡ። ለዚያ ሦስት ደቂቃ የማይሰጣችሁ ክሊኒክ ለመርፌውም ጊዜ አይሰጠውም።

ዕድሜው ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ። ሜናክትራ ከ9 ወር በፊት አይሰጥም። ከ9 እስከ 23 ወር ላለ ልጅ ሁለት መርፌ ነው፣ ቢያንስ በ3 ወር ልዩነት፤ ከ2 ዓመት በላይ አንድ ይበቃል። ኒመንሪክስ ከ6 ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል፤ ከ6 ወር በታች ከተጀመረ ሁለት በ2 ወር ልዩነት፣ ከዚያ በ12 ወር ማጠናከሪያ፤ ከ6 ወር በኋላ ከተጀመረ አንድ፣ በ12 ወር ማጠናከሪያ፤ 12 ወር ከሞላ በኋላ አንድ ብቻ። ሜንኳድፊም ከ12 ወር ጀምሮ በአንድ መርፌ ያልቃል። ስሌቱን ስታዩት፣ ወረርሽኝ ካልተወራና ልጁ የተለየ የጤና ችግር ከሌለበት፣ 12 ወር ጠብቆ አንዱን መግዛት ለአብዛኛው ቤት የሚያዋጣው መንገድ ነው። ብዙ ወላጅ ግን በ9 ወር፣ የኩፍኝ ክትባት ቀን ላይ፣ ሜናክትራን ያስጀምርና ሁለተኛውን ሲፈልግ ከከተማው ይጠፋል። የመጀመሪያውን ከመክፈላችሁ በፊት «ሁለተኛው ከሦስት ወር በኋላ በእጃችሁ ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከጠፋ በሌላ ስም ባለ አራት ኮንጁጌት ማሟላት ጨርሶ ከመተው ይሻላል። ከኩፍኝ ክትባት ጋር በአንድ ቀን መስጠት ችግር የለውም፤ አንዱ በአንዱ ጭን፣ ሌላው በሌላው ይሁን።

ከወቅቱም ጋር የተያያዘ ነገር አለ። በሽታው የሚበረታው በደረቁ ወራት፣ አቧራውና ደረቅ ንፋሱ ጉሮሮን ሲያቆስል ነው፤ ከታኅሣሥና ጥር እስከ ግንቦት ማለት ይቻላል። ክትባቱ ሥራውን ለመጀመር 10 ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ወሬ ሲሰማ ሳይሆን ኅዳር ላይ ማስከተብ ይሻላል፤ ወሬ ሲሰማ ሰልፉም ዋጋውም ይጨምራል፣ መደርደሪያውም ባዶ ይሆናል።

መርፌው ሲዘጋጅ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ኒመንሪክስ በሁለት ክፍል ነው የሚመጣው፦ ነጭ ዱቄት ያለበት ትንሽ ብልቃጥና ግማሽ ሚሊ ሊትር ማሟሟያ የተሞላ ሲሪንጅ። ሲሪንጁ ተሞልቶ ስለሚመጣ የተጣደፈች ነርስ ክዳኑን ነቅላ፣ መርፌ ገጥማ፣ በቀጥታ ልትወጋ ትችላለች። ያ ከሆነ ልጁ የተወጋው ጨው ያለበት ውሃ ነው፤ ክትባቱ ዱቄቱ ውስጥ ቀርቷል። ይህ ስህተት በሌሎች አገሮችም የተመዘገበ ነው፤ ሜንቪዮም በዱቄትና በፈሳሽ ተለያይቶ ሲመጣ ሁለቱን ካላቀላቀሉት ዱቄቱ ውስጥ ያለው የኤ መከላከያ ይቀራል። በትክክል ሲሠራ የሲሪንጁ ፈሳሽ ወደ ብልቃጡ ይገባል፣ ዱቄቱ ጠብ ሳይቀር እስኪሟሟ ይወዘወዛል፣ ፈሳሹ ጥርት ሲል ሁሉም ተመልሶ ይሳባል፣ መርፌው ይቀየራል፣ ከዚያ ይወጋል። ድሬ አንቱታ አያበዛምና አትፈሩ፤ «እህቴ፣ ዱቄቱ የነበረበትን ብልቃጥ አሳዪኝ» በሏት። ብልቃጡ ባዶና እርጥብ ከሆነ ተሠርቷል። ነጭ ነገር ከታች ከተቀመጠ አልተሠራም።

ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚወጋው ጭኑ ላይ፣ ከፊት ወደ ውጭ ባለው ሥጋ ነው። ቂጥ ላይ አይወጋም። ከፍ ያለና ክንዱ ሥጋ ያለው ልጅ ክንዱ ላይ መወጋት ይችላል። መጠኑ ለሕፃንም ለትልቅም ያው ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው፤ «ትንሽ ስለሆነ ግማሹን ሰጠሁት» የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምትገዙት ፍሪጁን ነው። እነዚህ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መኖር አለባቸው። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ስትገባ፣ መብራትም በዚያው ሲጠፋ፣ የተራ ቤት ፍሪጅ ብዙ አይቆይም። ሐረር ከፍታዋ ከ1,800 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ ይረዳል፤ ግን የሐረር ፍሪጅ ሌላ በሽታ አለው፦ ከመጠን በላይ ማቀዝቀዝ። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻ ያዞሩትና ከኋላው ግድግዳ ጋር የተጠጋው ሳጥን በረዶ ይሆናል። በረዶ የሆነ ፈሳሽ ክትባት ይጣላል፤ ቢቀልጥም አይመለስም። ባለሙያዎች ፔንታን ለመሳሰሉት በመወዝወዝ ዝቃጩን አይተው በረዶ እንደነካው የሚለዩበት ዘዴ አላቸው። ያ ዘዴ አልሙኒየም ላለባቸው ብቻ ነው፤ ሜናክትራን የመሰለው ግን የለበትም። ብልቃጡ ቢበላሽም ባይበላሽም አንድ ነው የሚመስለው። በጤና ጣቢያ ብልቃጦች ላይ የምታዩት፣ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁረው ክብ ምልክት በግል በሚገቡት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለዚህ ማየት ያለባችሁ ክትባቱን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን ነው።

ጥሩ ክሊኒክ በሩን ከፍቶ አያሳያችሁም፤ ከውጭ የሚነበብ ቴርሞሜትር አለው፣ በሩ ላይ ደግሞ ጠዋትና ማታ የተሞላ የሙቀት መዝገብ ተለጥፏል። መዝገቡን አንብቡት። ቁጥሮቹ 4፣ 5፣ 4፣ 6፣ 5 እያሉ ከፍ ዝቅ ካሉ ሰው ነው የሞላቸው። ወሩን በሙሉ፣ እሑድም በዓልም፣ በአንድ እስክሪብቶ 4፣ 4፣ 4 ከተደረደረ ወሩ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ የተጻፈ ነው። ፍሪጁ ውስጥ የሠራተኛ ምሳ ወይም ለስላሳ መጠጥ ካለ በሩ በየሰዓቱ ይከፈታል ማለት ነው። «አይጠጣም» ተብሎ የተጻፈበት የውሃ ጠርሙስ ግን ጥሩ ምልክት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ አንድ ጥያቄ፦ «መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» የሚያውቅ ሰው ያለ ማቅማማት ይመልሳል፦ በሩ አይከፈትም፣ ጀነሬተር ይነሳል፣ ወይም ወደ ክትባት መያዣ ሳጥን ይዛወራል፣ ሙቀቱም ይጻፋል። «ችግር የለም፣ ቶሎ ይመጣል» ከተባላችሁ ሌላ ክሊኒክ ሂዱ።

ብዙ የሚያበላሸው ሌላው ልማድ ክትባቱን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ክሊኒክ ወስዶ ማስወጋት ነው። ለሌላ መድኃኒት የለመድነው መንገድ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ከከዚራ እስከ ሳቢያን በባጃጅ፣ በፌስታል፣ በቀትር። አንዳንዱ ደግሞ ለመጠንቀቅ ብሎ ሳጥኑን በቀጥታ በበረዶ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያ ከሙቀቱም ይብሳል፣ ብልቃጡ ከበረዶው ጋር በተነካካበት በኩል ይቀዘቅዝና ይሞታል። ክትባቱ ባለበት ልጁን ውሰዱት እንጂ ልጁ ወዳለበት ክትባቱን አትውሰዱ። ሌላ ምርጫ ከሌለ በረዶ የያዘው ጥቅል ከማቀዝቀዣው ወጥቶ ላብ እስኪያወጣ ይቆይ፣ ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ ይንቦጫቦጭ፣ በእሱና በሳጥኑ መካከልም ወፍራም ጨርቅ ወይም ካርቶን ይግባ። ከድሬ ወደ ሐረር በደንገጎ በሚኒባስ ይዞ መውጣትንስ ከነጭራሹ አንመክርም። ሰው በሻንጣ ከውጭ አምጥቶ «ኦሪጅናል ነው» የሚለውንማ፣ ኦሪጅናልም ቢሆን ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ እንደቆየ የሚያውቅ የለም።

ዋጋ ስትጠይቁ የክትባቱን፣ የካርዱንና የመርፌ መውጊያውን ለየብቻ አስነግሩ፤ ሁለት ዙር ከሆነም ሁለቱን ደምሩ። ከመክፈላችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ቢሮ ደውላችሁ በቅርብ የነፃ ዘመቻ ታስቦ እንደሆነ ጠይቁ። ኤክስን ጨምሮ ባለ አምስት ዓይነቱ ሜንፋይቭ በዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ጸድቆ በ2024 በናይጄሪያ ሥራ ጀምሯል፤ ለእኛ ቀጠና ታስቦ የተሠራ በመሆኑ በዘመቻ ሲመጣ ባለ አራቱን የወሰደ ልጅም ቢሆን ይወሰድ።

ቤቱ ጠባብ በጀት ያለው ከሆነ ማን ይቅደም? ስፕሊኑ (ጣፊያው) የወጣለት ወይም የማይሠራ ልጅ፣ ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ ያለበት፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለ። ለእነዚህ ከ2 ዓመት በላይም ቢሆን ሁለት መርፌ በ2 ወር ልዩነት ነው የሚሰጠው፤ የሚከታተላቸው ሐኪም ይወስን። ቀጥሎ ከቤተሰብ ጋር ዑምራ ወይም ሐጅ የሚሄድ ልጅ። ሳዑዲ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን በፊት የተሰጠ መሆኑን ትጠይቃለች፤ ኮንጁጌት 5 ዓመት፣ ፖሊሳካራይድ 3 ዓመት ብቻ ይታሰባል። ተጓዥ በሚይዘው የክትባት ቢጫ ካርድ ላይ «ኮንጁጌት» የሚለው ቃል ካልተጻፈ ግን እንደ 3 ዓመቱ ይቆጠራል። ቀጥሎ አዳሪ ትምህርት ቤት ወይም ብዙ ልጅ በአንድ ክፍል የሚያድርበት መድረሳ የሚገባ። ጤነኛ ሆኖ ነፃዎቹን የጨረሰ የሦስት ዓመት ልጅ ከእነዚህ በኋላ ቢደርሰው ወላጁ ሊጨነቅ አይገባም።

ልጁ ጉንፋን ካለበት መከተብ ይችላል፤ ከባድ ትኩሳት ካለው ይቆይ። ከመርፌው በኋላ 15 ደቂቃ፣ ከተቻለ 30፣ ክሊኒኩ ውስጥ ቁጭ በሉ። ከባድ አለርጂ እጅግ ብርቅ ነው፣ ከሚሊዮን አንድ ያህል፤ ግን ሲመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው፣ መድኃኒቱም አድሬናሊን ነው። «አድሬናሊን አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በዚያው ቀንና በማግስቱ መቅላት፣ ማበጥ፣ ቀላል ትኩሳትና መነጫነጭ ይጠበቃል። ካስቸገረ ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፤ 10 ኪሎ ለሆነ ልጅ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ አንድ ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር። በ5 ሚሊ ሊትር 250 የሆነም ስላለ ጠርሙሱን አንብቡ። አስፕሪን አትስጡ።

ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ወይም በማንኛውም ቀን ልጁ አንገቱን ማጎንበስ ካቃተው፣ ብርሃን ከሸሸ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ጡት እምቢ ብሎ ከደነዘዘ፣ የሕፃኑ እርግብግቢት ካበጠ ወይም በብርጭቆ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ነጠብጣብ ቆዳው ላይ ከወጣ፣ ተከትቧል ብላችሁ አትዘናጉ። ክሊኒክም አትዙሩ፤ ድሬ ከሆናችሁ ድልጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሂዱ፣ በሌሊትም ቢሆን። ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱ ላይ የክትባቱ ስም፣ የባች ቁጥሩ፣ ቀኑና የተወጋበት ጭን መጻፉን ከክሊኒኩ ሳትወጡ አረጋግጡ፤ ብዙ ክሊኒክ በሳጥኑ ላይ ያለውን ተለጣፊ ነቅሎ ካርዱ ላይ ይለጥፈዋል። ከ7 ዓመት በታች ለተከተበና ስጋቱ ለሚቀጥል ልጅ ማጠናከሪያው ከ3 ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ያንንም ቀን እዚያው ላይ አስጽፉ።